ትልቁ ዛፍ ልጅ የለውም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ደቡብ ጎንደር ወደሚገኘው የትውልድ አጥቢያዬ በተመለስሁ ጊዜ የሕፃናቱን ክፍል እንዳስተምር ታዘዝሁ። ትምህርቱ ሥነ ፍጥረት ነበርና «የምታውቁትን ዛፍ ጥሩልኝ» ብላቸው በአንድ ድምፅ «ባሕር ዛፍ!» አሉ። ባሕር ዛፍ ግን ስሙ እንደሚመሰክረው ባሕር ተሻግሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነው። አንዲት ሕፃን በቅጽሩ ውስጥ ወደቆመው ግዙፍ ዛፍ እያመለከተች «የዚህስ ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። በዩኒቨርሲቲ የስንቱን ሩቅ ነገር ስም ያጠናሁ እኔ፣ ክርስትና የተነሣሁበትን ደብር ዛፍ አላውቀውም ነበር። አፈርሁ።

የኔታን ለመንኋቸው። በመቋሚያቸው እየጠቆሙ አስተማሩን፦ «ይህ ዝግባ ነው፤ ያ ጥድ ነው፤ ወዲያ ያለው አያቶቻችሁ አበባውን ለሆድ ትል የጠጡት ኮሶ ነው። መቋሚያዬ ወይራ ነው፤ የምትመቱት ከበሮ ዋንዛ ነው። ልጆቼ፣ በዛፍ ታመሰግናላችሁ፤ ዛፉን ግን አታውቁትም።»

ከዚያ በዝግባው ሥር ጎንበስ ብለን ችግኝ ፈለግን። አንድም አጣን። ከብት ግጦታል፤ እኛም በየበዓሉ ረግጠነዋል። ያችው ሕፃን ቀና ብላ «ትልቁ ዛፍ ልጅ የለውም?» አለች። የሚመልስላት አልነበረም።

ወገኖቼ፣ በደጋው ሀገራችን አብዛኛው ደን አልቆ፣ ሀገር በቀሉ ዛፍ ተጠግቶ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። አባቶቻችን ጠብቀው አቆዩልን። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንማራለን፤ ለፍጥረታትም ስም ያወጣው እርሱ ነው። ጠባቂ የሚጠብቀውን በስሙ ያውቃል። ስሙን የማናውቀው ጎረቤት ቢሞት ማን ያለቅስለታል? እንዲሁም ስሙን የማያውቅ ትውልድ ዝግባው ሲቆረጥ ማገዶ ከማለት በቀር የሚለው የለውም።

በአካባቢያችን አንዳንድ አጥቢያዎች ከብት እንዳይገባ በደናቸው ዙሪያ የድንጋይ ካብ ክበዋል። እኛም ከሕፃናቱ ጋር ድንጋይ ተሸክመን በዝግባው ጥላ ሥር ትንሽ ቦታ አጠርን። ገና የበቀለ የለም፤ ሕፃናቱ ግን በየሰንበቱ ሄደው ያያሉ፤ የስድስት ዛፍም ስም ይጠራሉ።

እናንተስ? ከቅዳሴ በኋላ የአንድ ሕፃን እጅ ይዛችሁ ቅጽሩን ዙሩ። የማታውቁትን አረጋውያንን ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ጠያቂው ሲመጣ የሚመልስ ሰው ማጣቱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።