«ተወው ልጄ»

አያቴ የመካነ ሰላም ሰው ነበሩ። በ1969 ሚሊሻ ሆነው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰለጠኑ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዘመቱ። ካራማራን ካነሱ ከአቦል እስከ በረካ አያባሩም። ሠራዊቱ ግንቦት 1983 እስኪበተን ሰሜን ስላሳለፏቸው ዓመታት ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው «ተወው ልጄ» ብቻ ነበር።

ካረፉ ወዲህ ቤተሰቡ የሚያነሳቸው «የካራማራ ጀግና» እያለ ነው። እውነት ነው። የመጣን ወራሪ መመለስ ማንንም አያሳፍርም፤ አዲስ አበባ ያለው የትግላችን ሐውልትም የቆመው ለዚያ ጦርነት ነው። ሰሜን ላይ ግን በሁለቱም ወገን ይተኩሱ የነበሩት የአንድ አገር ልጆች ነበሩ።

ታዲያ ሟች ዝም ያለበትን እኛ እንዝጋው ወይስ እንክፈተው? አንዱ «ዝምታቸውን አክብር» ይላል። ሌላው «ያልተነገረ ነገር ይደገማል» ይላል። ሁለቱም አላቸው እውነት።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ዳታቤዝ ላይ ዜሮና ባዶ ይለያያሉ፦ ዜሮ «ምንም የለም» ነው፤ ባዶ «አናውቅም» ነው። ባዶውን በዜሮ የሞላ ሰው ሪፖርቱ ያምርለታል፣ ግን ውሸት ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ያልተወራውን ዓመት እንዳልነበረ ይቆጥረዋል።

ዝምታን ማክበርና መሰረዝ ይለያያሉ። ስለሳቸው ለሚጠይቁኝ ታናናሾቼ ካራማራን እንደነገሩን እነግራቸዋለሁ፤ ሰሜንን ደግሞ «ነበሩበት፣ ሊያወሩት አልፈለጉም» እላለሁ። ከራሴ የምጨምረው የለም። «ተወው ልጄ» ራሷ ምስክርነት ናት፤ ጦርነት ጀግንነት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚተው ነገር ባልኖረ።