«ሰው ምን ይለኛል?» — ስለ ይሉኝታና ስለ ኅሊና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከደብራችን ልጆች አንዱ የሆነ ወንድማችን ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ፣ በዋሽንግተን ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ሥራው ከባለመኪናዎች ቁልፍ ተቀብሎ መኪናቸውን ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ ሲመሽም አውጥቶ ማስረከብ ነበር። በእጁ ካለፉት መኪናዎች ሁሉ ልቡን የሳበችው ፖርሽ 911 የምትባለው የስፖርት መኪና ነበረች። የሚነዳት ከመግቢያው እስከ ምድር ቤቱ ድረስ ብቻ ቢሆንም፣ «አንድ ቀን የራሴን» እያለ ይመኝ ነበር። ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ፣ ዛሬ የራሱን ድርጅት የሚያስተዳድር ሰው ለመሆን በቅቷል። ወላጆቹን ጦሯል፤ እኅቶቹን አስተምሯል፤ ዐሥራቱንም አላጎደለም። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ያቺን መኪና ለመግዛት ዐቅሙ ቢፈቅድለትም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። አዲሲቱ ከ100,000 ዶላር በላይ ታወጣለች፤ ያስጨነቀው ግን ዋጋዋ አልነበረም። ያስጨነቀው «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ሐሳብ ነበር።

በመጨረሻ ገዛት። ቢሆንም ጭንቀቱ አልለቀቀውም። እሑድ ለቅዳሴ ሲመጣ መኪናይቱን ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት መንገድ ያህል አርቆ ያቆምና የቀረውን በእግሩ ይመጣል። ይህንም ራሱ ነገረን፤ ነግሮንም «ወንድሞቼ፣ መግዛቴ ኃጢአት ነውን?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ስለ ተረዳን፣ እርሱም ስሙ ሳይጠራ እንድንጽፈው ስለ ፈቀደልን፣ በዚህ ዕትም ልንመረምረው ወደድን።

ቋንቋችን ለዚህ ጭንቀት የራሱ የሆነ ስም አለው፤ ይሉኝታ እንለዋለን። ሰዎች ስለ እኔ የሚሉት ነገር በልቤ ውስጥ ተቀምጦ ሲናገረኝ ማለት ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ግን አባቶቻችን ይሉኝታን እንደ በሽታ ያላዩት መሆኑን ነው። «ይሉኝታ ቢስ» መባል ስድብ እንጂ ምስጋና ሆኖ አያውቅም። ይሉኝታ ያለው ሰው ጎረቤቱ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሳለ በቤቱ ዘፈን አያሰማም፤ የተራበ እያየው ብቻውን አይበላም፤ በታላላቆቹ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ በምንኖርበት አገር ዘወትር እንደምንሰማው፣ «ገንዘብህ ነው፤ ሰው የሚለውን ተወውና ደስ ያለህን አድርግ» ብለን ወንድማችንን ልናሰናብተው አልቻልንም። እንዲህ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንክርዳዱን እነቅላለሁ ሲል ስንዴውንም አብሮ ይነቅላል።

ሰው የሚቀመጥበት ነገር የክብሩ መለኪያ ሆኖ መታየቱም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአገራችን ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። በቅሎም ብትሆን በኮርቻዋና በሽልማቷ የባለቤቷን ማዕረግ ትናገር ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ ይህንኑ የፈረስና የበቅሎ ክብር ወረሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ዘመን መጣ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ሲወረስ፣ ባለሀብት ሆኖ መታየት አደጋ ሆነ፤ በዚያ ዘመን ያደግን ብዙዎቻችንም ያለንን መሰወርንና «የለኝም» ማለትን ተማርን። እንግዲህ የሁለት ትምህርት ቤት ልጆች ነን፤ አንዱ «አሳይ» ብሎ፣ ሁለተኛው «ደብቅ» ብሎ አስተምሮናል። ስደት ደግሞ ሁለቱን አደባለቀብን። ወደ ባዕድ አገር በገባን ሰሞን፣ በመንገድ ዳር የቆመ የማናውቀውን ሰው መኪና ተደግፈን ፎቶግራፍ በመነሣት ወደ ቤተ ሰቦቻችን ያልላክን ስንቶቻችን ነን? ያን ጊዜ የሌለንን አሳየን፤ ዛሬ ያለንን እንደብቃለን።

ማሳየትና መደበቅ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። አባቶች መነኮሳት ይህን ሥር ውዳሴ ከንቱ ይሉታል። በዮሐንስ አፈ ወርቅ እጅ ዲቁናን የተቀበለው፣ በግብፅ በረሃ ከነበሩት አባቶችም የተማረው ዮሐንስ ካስያን ውዳሴ ከንቱን በሽንኩርት መስሎታል፤ አንዱ ልጣጭ ሲነሣ ሌላው ከሥሩ ይገኛልና። በጌጠኛ ልብስ ያልተሸነፈውን ሰው በመናኛ ልብስ እንደሚፈትነውም ጽፏል። ስለዚህ ለታይታ ውድ መኪና የሚገዛ ሰውና ለታይታ ከመግዛት የሚታቀብ ሰው የአንድ ጌታ ሎሌዎች ናቸው፤ ጌታቸውም የሰው ዓይን ነው።

ይህን ለመለየት ስንል ወንድማችንን ሁለት ነገር ጠየቅነው። በመጀመሪያ፣ «ይህቺን መኪና ማንም የማያይብህ፣ በሌሊት በባዶ መንገድ ብቻ የምትነዳት ብትሆን ትገዛት ነበርን?» አልነው። ጥቂት አስቦ፣ «አዎን፤ የሞተሯን ድምፅና በመታጠፊያ ላይ መንገድ አያያዟን እወደዋለሁ» አለን። ቀጥለንም፣ «ማንም የሚያማህ ባይኖር ኖሮስ፣ ያን ገንዘብ ለሌላ ነገር ታውለው ነበርን?» አልነው። ለዚህኛው መልስ አላገኘም። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም» አለ።

እኛ ከዚህ መልስ ብዙ ተማርን። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውን አፍ ሲፈራ የኖረ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ ምን ቢሠራ እንደሚሻል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቅ ቀርቷል። ይሉኝታ በኅሊና ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበርና ኅሊና የሚናገርበትን ቦታ አላገኘም። ሰውን መፍራት እግዚአብሔርን መፍራት እየመሰለን የምንታለለው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ያስጨንቃሉና፣ የተጨነቅን ሁሉ ያሰብን ይመስለናል።

ሐሜተኛ «በስንት ገዛው?» ብሎ ይጠይቃል። ኅሊና ግን «ከማን ድርሻ ላይ ገዛሁት?» ብሎ ይጠይቃል። ለምሳሌ እንዲህ ላለው መኪና 100,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት የተበደረ ሰው በየወሩ 1,980 ዶላር ያህል ይከፍላል፤ ወለዱ ብቻ ተደምሮ 18,800 ዶላር ገደማ ይሆናል። ያ ገንዘብ ከልጆች ትምህርት፣ ከእናት መድኃኒት፣ ወይም ከራሱ ከባለቤቱ ዕረፍትና ጸሎት የተቈረሰ ከሆነ፣ ማንም ባያማን እንኳ ልንፈራ ይገባናል። እንዲህ ካልሆነ ደግሞ፣ ሁሉም ቢያማን እንኳ ሰላማችንን ልናጣ አይገባም። በአንጾኪያ ያስተማረው፣ በኋላም በ398 እ.ኤ.አ. የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው፣ በ407 እ.ኤ.አ. እንደ እኛ በስደት ላይ ሳለ ያረፈው ዮሐንስ አፈ ወርቅ፣ ለፈረሳቸው የወርቅ ልጓም እያበጁ ድኻውን ራቁቱን የሚተዉትን ባለጠጎች አጥብቆ ገሥጿቸዋል። የተግሣጹ ክብደት ያረፈው በልጓሙና በራቁቱ ድኻ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

ታዲያ የሌላውን ሰው ስሜት ጨርሶ አንመልከትን? ሐዋርያው ጳውሎስ ለዚህ መልስ ሰጥቶናል። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 4 ሰዎች በእርሱ ላይ የሚሰጡትን ፍርድ እንደ ቀላል ነገር እንደሚቈጥረው ይናገራል። በዚያው መልእክት በምዕራፍ 8 ደግሞ፣ ለጣዖት የተሠዋው ሥጋ በራሱ ምንም እንዳልሆነ ካስረዳ በኋላ፣ ደካማውን ወንድም የሚያሰናክል ከሆነ ግን ሊተወው እንደሚፈቅድ ያስታውቃል። ሁለቱ ቃላት አይጣሉም። የመጀመሪያው ስለ እኔ የሚባለውን፣ ሁለተኛው በወንድሜ ላይ የሚደርሰውን ይመለከታል። ይሉኝታ «እኔን ምን ይሉኛል?» ይላል፤ ፍቅር ግን «እርሱን ምን ያገኘዋል?» ይላል። የአንዲት መኪና ፎቶግራፍ በስልክ ተልኮ አገር ቤት ሲደርስ፣ «ውጭ አገር ሲሄዱ እንዲህ ነው የሚኮነው» ብሎ በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ በረሃ የሚነሣ ወጣት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ወንድማችን መኪናውን ከሐሜተኞች እንዲሰውር አልመከርነውም፤ ፎቶግራፏን ለሚጓጓ ልጅ እንዳይልክ ግን ለመንነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ከሁሉ ይልቅ ያስገደደን ግን ወንድማችን በመጨረሻ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ የነገረን ነው። በረዶ በሚጥልበት በአንድ የእሑድ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነዳ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናታችን ነጠላቸውን ተከናንበው በአውቶቡስ ፌርማታ ቆመው አያቸው። ያውቃቸዋል። አውቶቡሱ በእሑድ ቀን በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያልፍም ያውቃል። እግሩን ወደ ፍሬኑ ሲሰድ፣ «መኪናዬን ያዩና ለሰው ያወራሉ» የሚል ሐሳብ መጣበት። አልቆመም። እናታችን ወንጌል ከተነበበ በኋላ ደርሰው፣ ልብሳቸው ረጥቦ ከበሩ አጠገብ ቆሙ።

እነሆ፣ የይሉኝታ ፍጻሜው ይህ ነው። መኪናይቱን ስለ መግዛቱ ከንስሐ አባቱ ጋር ሊነጋገር ይችላል፤ እናቲቱን በበረዶ ውስጥ ትቶ ማለፉ ግን ምርመራ አያሻውም። ይህን ያደረገው የመኪናይቱ ውድነት አይደለም፤ ሐሜትን መፍራቱ ነው። ለአረጋዊት እናት አለመቆም በእኛ ዘንድ ነውር ነውና፣ ጤነኛው ይሉኝታ ቢሆን ኖሮ ባስቆመው ነበር። የታመመው ይሉኝታ ግን ነውርን ፈርቶ ነውር አሠራው።

ይሁን እንጂ በደሉን በእርሱ ላይ ጥለን እጃችንን ልንታጠብ አይገባንም። ያ ፍርሃት ከየት መጣ? ከእኛ አፍ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በመኪና ማቆሚያው ቆመን «ይህን ከየት አመጣው?» የምንል እኛው ነን። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው የክብር ስፍራ ሰጥተው ድኻውን ያቆሙትን ምእመናን ይወቅሳል። እኛም ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ገንዘብ ስናሰባስብ፣ በጨረታው ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠውን ሰው ስሙን በድምፅ ማጉያ ጠርተን እናስጨበጭብለታለን፤ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ሰው ስለ መኪናው እናማዋለን። ሀብቱ ወደ እኛ ሲመጣ በረከት፣ በእርሱ ዘንድ ሲቀር ትዕቢት ይባላል። ሰውን ለታይታ የምናለማምደው እኛ፣ ታይታውንም የምንነቅፈው እኛው ሆነናል። ጾመን ከሥጋና ከወተት ስንለይ፣ የወንድማችንን ሥጋ ግን በሐሜት እንበላለን።

ከወንድማችን ጋር ይህን ስንነጋገር፣ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈው የአገራችን ሰው ታሪክ ትዝ አለን። የንግሥት ሕንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ፣ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። በዚያ ዘመን ሠረገላ የጥቂቶች ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስበት ስለ ሠረገላው አንድ ቃል አልተናገረም፤ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ። ጃንደረባውም በበኩሉ ይህን የመንገድ እግረኛ «ከአጠገቤ ባስቀምጠው ምን ይሉኛል?» አላለም፤ ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። በዚያ መቀመጫ ላይ ወንጌልን ሰማ፤ ውኃ ካለበት ሲደርሱም ሠረገላው እንዲቆም አዝዞ ወርዶ ተጠመቀ። ሠረገላ ነበረው፤ ነገር ግን በሠረገላው ላይ ለሌላ ሰው ስፍራ ነበረው፤ ማቆም በሚገባውም ጊዜ ማቆምን ያውቅ ነበር። የሠረገላ ጌታ ማለት እንዲህ ያለው ሰው ነው። ማቆም የማይችል ግን፣ ሠረገላው በርካሽ ዋጋ የተገዛ ቢሆን እንኳ ተጎታች ነው።

ወንድማችንን «ሽጣት» አላልነውም፤ «ያዛት»ም አላልነውም። «በሚመጣው እሑድ በዚያ ፌርማታ አጠገብ ቁም» አልነው። ቆመም። እናታችን በበሩ ጎንበስ ብለው ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ ብዙ ደከሙ። በመንገድ ላይ የመኪናይቱን ዋጋ ይጠይቁኛል ብሎ ሲፈራ፣ እርሳቸው «ልጄ፣ ለመሆኑ ይህን ያህል መኪና ሠርተው ወንበሩን እንደ ዱካ ዝቅ ያደረጉት ለምንድን ነው? ጉልበቴን እኮ ጨረሰው!» አሉት። እርሱም ሳቀ። ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱም እርሳቸውን ሁለት መንገድ ሊያስኬድ አይችልምና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናውን ከደጁ አጠገብ አቆመ።

አምላከ ቅዱሳን እግዚአብሔር ከሰው ዓይን ባርነት አውጥቶ ለወንድም የሚራራ ኅሊና ይስጠን፤ አንደበታችንንም ከሐሜት ይጠብቅልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።