ስለ ዛፍና ስለ ጉርብትና

ሰው በገዛ ይዞታው ላይ የወደደውን ሊተክል ይችላልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው በየማሳው ዳር የቆመውን ባሕር ዛፍ ልብ ብሎ ቢመለከት፥ ነገሩ የማይቀል መሆኑን ይረዳዋል። ዛፉ የተተከለው በአንዱ ገበሬ ድንበር ላይ ነው፤ ጥላው የሚያርፈው ግን በጎረቤቱ በቆሎ ላይ ነው። ሥሩም ውሃ ፍለጋ ሲሄድ ወሰን አይጠይቅም።

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራልያ እንግዳ ነው። አዲስ አበባ በማገዶ ተቸግራ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ በነበረበት ጊዜ ከተማይቱን ካጸኗት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። ለምዕራብ ጎጃም ገበሬም ቁጠባው ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፥ ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ፥ በሽታ ሲመጣ ይቆረጣል፤ ከጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ባሕር ዛፍን በደፈናው የሚረግሙትን ሰዎች (የብዙዎቹ ቤት ማገር ከእርሱ የተሠራ ነው) አንከተልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፥ ባለ ሀብት በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲጠነቀቅ ያዛል፤ በተለይም ጢስን፥ ጥቀርሻን፥ መጥፎ ሽታንና ጩኸትን ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያሳልፍ ይከለክለዋል። እንግዲህ የመብት ወሰኑ ጉርብትና ነው ማለት ነው። እኛም ይህን ሐሳብ ከሁለት ገበሬዎች ጠብ እጅግ ርቆ የሚሄድ ሆኖ አግኝተነዋል።

በብራዚል አገር በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ዘረ መሉ በሰው ጥበብ የተለወጠ ባሕር ዛፍ ለንግድ እንዲተከል ተፈቀደ። ያወጣው ኩባንያ በአንድ ልክ መሬት ላይ በመቶ 20 የበለጠ እንጨት ይሰጣል ብሏል። ፈቃዱ ሊሰጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የመሬት አልባ ገበሬዎች ማኅበር ሴቶች ገብተው የኩባንያውን ችግኝ አጠፉ፤ ንብ አርቢዎችም ማራችን ገበያ ያጣል ብለው ተከራከሩ። የሰው ችግኝ ማጥፋትን አናመሰግንም። የንብ አርቢዎቹ ሙግት ግን ቀፎ ለሰቀለ ጎጃሜ ሁሉ የሚገባ ነው፤ ንብ ከማን ዛፍ እንደ ቀሰመች አትናገርምና። እውነቱን ለመናገር፥ ባሕር ዛፍ ከዋንዛና ከወይራ ጋር ዝምድና ስለሌለው አዲሱ ባሕርይ ወደ አገር በቀል ዛፎቻችን ይሻገራል ተብሎ አይፈራም። ወደ ጎረቤት ባሕር ዛፍ ግን ሊሻገር ይችላል። የበቆሎ ዘር ቢከፋ ለከርሞ ይለወጣል፤ ዛፍ ግን የተከለውን ሰው ዕድሜ ሊያልፍ ይችላል። የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች በግንቦት 2000 ዓ.ም. በቦን ተሰብስበው በእነዚህ ዛፎች ነገር ጥንቃቄ እንዲደረግ ያሳሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያም በፊት በጥር 1992 ዓ.ም. የካርታኼና ፕሮቶኮል ሲጸድቅ፥ በድርድሩ የአፍሪካን ወገን የመሩት የእኛው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። የአገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2001 ዓ.ም. ጠብቆ ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ላላ፤ በ2010 ዓ.ም. ለተለወጠ ጥጥ ተፈቀደ። የዛፍ ተራ ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠየቀው ማን ይሆን?

የጢሱ ነገር ደግሞ አለ። ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የምትልከው የዓለሙን ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ዝናሙ ጊዜውን ሲስት ግን ማሳው የሚደርቀው የእርሷ ገበሬ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በሻርም ኤል ሼኽ ለጉዳትና ለኪሣራ የሚውል ገንዘብ እንዲቋቋም መንግሥታት ተስማሙ። ቀደም ሲል በፓሪስ ግን በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ይህ ጉዳይ ለኀላፊነትም ለካሣም መሠረት እንደማይሆን ጽፈው ነበር። ከብቱ የሰው አዝመራ የበላበት ጎጃሜ በሽማግሌ ፊት ካሣ ይከፍላል፤ የከፈለውን ስጦታ ነው ቢል ሽማግሌዎቹ ይሥቁበታል።

አሁን ባለ ጢሱ ጎረቤት፥ እሳቱን ሳይቀንስ፥ ጢሴን የሚጠጣ ዛፍ በማሳህ ላይ ልትከል፥ ዋጋውንም እከፍልሃለሁ የሚልበት ዘመን መጥቷል። ለዚህ የሚመረጠው ዛፍ ፈጥኖ የሚያድገው ነው፤ የተለወጠው ዛፍም የሚወደስበት ምክንያት ይኸው ነው። ውሃው የማን እንደ ሆነ፥ ማሳው ለስንት ዓመት እንደ ተያዘ፥ ዛፉ ሲከፋ ማን እንደሚነቅለው ከመስማማታችን በፊት ብንጠይቅ፥ ጉርብትናን እንደ ማፍረስ ሊቆጠርብን አይገባም።