ወርዶ አያውቅም

«እዚህ ቦታ የበረዶ ናዳ ወርዶ አያውቅም» የሚል ሰው ምን አውቆ ነው? ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች ላይ፣ ዌሊንግተን በምትባል የባቡር ጣቢያ የደረሰው ነገር ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910፣ ብርዱ ሊሰበር ሲል፣ አንድ የመንገደኛና አንድ የፖስታ ባቡር መንገዱ በበረዶ ተዘግቶባቸው እዚያ ለቀናት ቆሙ። መንገደኞቹ ከበላያቸው ያለው ቁልቁለት አስፈራቸውና «ባቡሩ በቅርብ ወዳለው የባቡር ዋሻ ይግባልን» አሉ። የባቡሩ ኃላፊዎች ግን የዋሻው ጭስና ቅዝቃዜ ይብሳል፣ ይህ ቦታ ደግሞ ናዳ አያውቀውም ብለው አልተቀበሏቸውም። ከዚያ በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ መብረቅም ተከተለ። ማርች 1 ሌሊት ከሰባት ሰዓት በኋላ የቁልቁለቱ በረዶ ተናደ። 96 ሰው ሞተ።

ኃላፊዎቹ ዋሽተዋል አልልም። ምስክርነታቸው ግን ስለ ሌላ ተራራ ነበር። በረዶውን ይዞት የኖረውን ደን እሳትና መጥረቢያ አራቁተውታል፤ የተራራው ስም ስላልተለወጠ ተራራውም ያልተለወጠ መሰላቸው።

በጸደይ ይኸው ስሕተት በአንድ ቀን ውስጥ ይፈጸማል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ፣ የረጠበው በረዶ ፊቱ ጠጥሮ ጠዋት ሰው ይሸከማል። ፀሐይዋ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የዞረውን፣ ቀጥሎ የደቡቡን፣ በመጨረሻም የምዕራቡን ቁልቁለት ታላላለች። የቀለጠው ውሃ ወደ ውስጥ እየሰረገ ቅንጣቶቹ የተያያዙበትን ይፈታዋል። ስለዚህ «ጠዋት ተሻግሬዋለሁ» ያለ ሰው እውነቱን ነው፤ ለቀትር ግን ምስክር መሆን አይችልም። ቀጣዩ ሌሊት ደመና ከሆነ ደግሞ ለማግስቱ ጠዋትም አይችልም።

«ታዲያ ልምድ ከንቱ ነው ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ልምድ የሚያስተምረው የተሳሳተውን ሲቀጣ ነው፤ ቁልቁለት ግን የተሳሳተውንም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። አሥር ጊዜ በሰላም የተሻገረ ሰው አሥር ጊዜ አስተውሎ ይሁን አሥር ጊዜ ዕድል ቀንቶት፣ ከመድረሱ ብቻ አይታወቅም። የሚታወቀው ምክንያቱን ሲመረምር ነው፦ ሌሊቱ ቀዝቅዞ አድሯል ወይ? እግሬ ምን ያህል ሰመጠ? ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ ይበልጣል ወይ? ከበላዬስ ምን አለ? እኔ «አልወረደም» ከሚለኝ ሰው ይልቅ «በዚህ ምክንያት አልወረደም» የሚለኝን አምናለሁ፤ ምክንያቱ ሲጠፋ አብሮ ይነግረኛልና።

የዌሊንግተን ነገር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ1914 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናዳው ከሰው ኃይል በላይ ነው፣ ግሬት ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ አይጠየቅበትም ብሎ ፈረደ። ኩባንያው ግን ከፍርዱ በፊት ባቡሮቹ በቆሙበት ቦታ ላይ ወፍራም የኮንክሪት ጣሪያ ሠርቶ ነበር። ባቡሩ መስመሩን በ1929 ለቆ ሄደ፤ ጣሪያው ዛሬም እዚያው ቆሟል።