ክር የታሰረበት ድጓ

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፣ በጉና ተራራ ግርጌ፣ ድጓ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ነበሩ አሉ። ዘመኑ የመኪና መንገድ ወደ ጋይንት ሳይወጣ ነው። ሰዎቹን ለምሳሌ አመጣኋቸው እንጂ አገሩም ጉባኤ ቤቶቹም ያሉ ናቸው። የየኔታ ስም ከአጥቢያቸው አልፎ አይታወቅም። ተማሪዎቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሣር ጎጆ ቀልሰዋል። ቀን ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ በበትር እየመከቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ፤ ሌሊት በጉና ቁር እየተንቀጠቀጡ ቃል ያጠናሉ።

ሁለቱ ከሌሎቹ ገፍተው ነበር። የቆሎ ተማሪ የሚጠራው በአገሩ ነውና አንዱ የእስቴው፣ ሌላው የፎገራው ይባላሉ። የእስቴው ድምፁ መረዋ፣ ቀለም ቶሎ የሚገባው፣ ችኩል ነው። የፎገራው ዘገምተኛ ነው፤ የያዘውን ግን አይለቅም።

አንድ ማታ የእስቴው፣ «ስማኝ ወንድሜ» አለው። «እዚህ ቁጭ ብለን ምን እንሠራለን? ነገ ደብር ገብተን የት ዘለቅህ ስንባል የየኔታን ስም ብንጠራ ማን ያውቃቸዋል? ቤተልሔም እንሂድ።»

ነገሩ መሠረት አለው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓን የትም ተምሮ ይምጣ፣ መምህር ልባል የሚል ሰው እዚያ ገብቶ ያስመሰክራል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደረሰው የድጓ ዜማ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ካበጁለት በኋላም ቢሆን፣ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ነገር በየአገሩ ትንሽ ትንሽ ያጋድላል፤ የሚያቃናው አንድ ቤት ያስፈልጋል። ቤተልሔም የተከበረችው በዚህ ነው፤ ያጋደለውን ሳታቃና ስለማታሳልፍ። የእስቴው ክብሩን ተመኘ፤ መቃናቱ ግን ትዝ አላለውም።

«የኔታን እናስፈቅድ» አለ የፎገራው።

«አይለቁንም፤ ቢለቁንም ቅር ይላቸዋል» ብሎ የእስቴው ኮቾሮውን ባኩፋዳው ሞልቶ፣ በዚያው ሌሊት ብቻውን ወጣ።

ክምር ድንጋይን አልፎ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከወዲያ የሚመጣ ተማሪ አገኘ። ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ነፋሱን ከድንጋይ ካብ ሥር ተከልለው ኮቾሮ ተካፈሉ።

«ከየት ነህ ወንድሜ?»

«ከቤተልሔም። ድጓ አስመስክሬ መምጣቴ ነው።»

«ታዲያ ወዴት ትወርዳለህ?»

«ደብረ ታቦር። አቋቋም ልማር። ተክሌን ከዚያ የተሻለ የት አገኛለሁ ብለህ ነው?»

የእስቴው ዝም አለ። ተክሌ የሚባለው አቋቋም ፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ያፈለቁት፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ነው። እሱ ስም የለውም ብሎ ጥሎት ወደሚሸሸው አገር፣ የቤተልሔም ምስክር የያዘ ሰው በእግሩ እየገሰገሰ ነው።

የአባቶቻችንን የትምህርት ሥርዓት ሳስብ ከምንም በላይ የምወድለት ይህን ነው። በሁሉም የሚበልጥ አንድ ቦታ የለውም። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላ፣ ለቅኔ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ይኬዳል። ዛሬ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ «አዲስ አበባ ካልተዛወርሁ» የሚል ወጣት ሳይ አልፈርድበትም። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው አንጋፋው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስም ያገኘው በከንቱ አይደለምና። ግን የሚሄድበት ትምህርት ክፍል በምን እንደተከበረ፣ ማን እንደሚያስተምርበት፣ የተማሪን ስሕተት ማን ቁጭ ብሎ እንደሚያርም ሳይጠይቅ ማመልከቻ ሲጽፍ ያሳዝነኛል። የዝውውሩ ወረቀት ቢሳካለትም እነዚህ ጥያቄዎች እዚያው ደጃፍ ላይ ይጠብቁታል።

የእስቴው ቤተልሔም ገባ። የቤተልሔሙ መምህር «እስቲ ከድጓው መጀመሪያ፣ ከዮሐንስ በል» አሉት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ፤ ጥቂት እንደሄደም አስቆሙት።

«እዚህ ላይ በርክርክ ያዜምኸው ምልክቱ ሂደት ነው። ማን ነው ያስተማረህ?»

ፊቱ ቀላ። የየኔታን ስም ቢጠራ መናቅ መሰለው። «ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ነው» አለ።

«ለቃሚ ከሆንህ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ» አሉት፤ ከሕፃናቱ ጎን አስቀመጡት።

የፎገራው ግን ሳምንት ቆይቶ ከየኔታ ፊት ቆመ። «የኔታ፣ ቤተልሔም ልሂድ ብዬ ነበር፤ ቢፈቅዱልኝ።»

የኔታ ቀና ብለው አዩት። «እኔም መቼ ትጠይቀኝ ይሆን እያልሁ ነበር» አሉ። የብራና ድጓቸውን ከማኅደሩ አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። በሦስት ቦታ፣ በቅጠሉ ዳር ላይ፣ ቀይ ክር ተሰፍቶበታል። ተማሪው ሁሉ ያን ክር ሲያየው ኖሯል፤ ምን እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

«እነዚህ ሦስቱ ለእኔም አልጠሩልኝም። መምህሬ ሳልጨርስ አረፉብኝ። ከዚያ ወዲያ ቤተልሔም ልሄድ እል ነበር፤ ተማሪ ትቼ የት ልሂድ? አንተ ጠይቅልኝ። ስትመለስ እኔን ታርመኛለህ።» መርቀው ስንቅ አስይዘው ሸኙት።

ቤተልሔም ደርሶ ከዮሐንስ ሲጀምር፣ የእስቴው በተሰናከለበት በዚያው ቦታ መምህሩ አስቆሙት። የፎገራው ግን፣ «የኔታም እዚህ ላይ ተጠራጥረዋል። ጠይቀህ ና ብለው ልከውኛል፤ ሌላም ሁለት ቦታ አለ» አላቸው።

መምህሩ ቀረብ አሉ። «ማን ይባላሉ? የማን ተማሪ ናቸው?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁት። እያንዳንዱን ቦታ ደጋግመው አዜሙለት፤ እሱም እስኪይዘው ተቀበላቸው። ከሕፃናቱ መካከል የተቀመጠው የእስቴው ሁሉንም ይሰማል። የክሩ ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው። ከአፉ የተያዘበት ስሕተት የኔታ ገና ዱሮ የሚያውቁት፣ ቢጠይቃቸው ኖሮ በግልጽ የሚነግሩት ነበር።

የፎገራው አስመስክሮ ተመለሰ። ከሦስቱ ሁለቱ የየኔታ ስሕተት ነበሩ፤ አንዱን ልክ ይዘውታል። የኔታ ካራ አንሥተው ሁለቱን ምልክት ከብራናው ላይ ፈቅፍቀው አጠፉ፤ ብርዓቸውን ነክረው አዲሱን ጻፉ። ክሩንም ከሦስቱም ቦታ ፈቱ።

«የእስቴውስ?» አሉ።

«እየዘለቀ ነው፣ የኔታ። የማን ተማሪ እንደሆነ ግን እስካሁን አልተናገረም።»

«ይዝለቅ» አሉ። በማግስቱ ወደ ጋይንት የሚወጣ ሌላ ተማሪ ነበርና ጠርተው አስጠነቀቁት፦ «የእስቴውን ስታገኘው ሦስቱም ቦታ ተፈትቷል በለው። ሁለቱን አጣምሜ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ያንዱን እዚያ አርመውለታል፤ ሁለተኛው የጾሙ ክፍል ላይ ነው፣ ሳይደርስበት ንገረው።»