እትብት የተቀበረበት አለት

እናቴ ከእንፋሎቱ ፊት ስትደርስ አማተበች። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። የብረት አጥሩ ባይከለክላት ኖሮ ጫማዋን አውልቃ ለመግባት ምንም አልቀራትም።

«ፍል ውኃ ነው?» አለችኝ።

እንዳልሆነ አስረዳኋት። የዘነበው ዝናብ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከታች የጋለውን አለት ሲነካ ተመልሶ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል አልኳት።

«ታዲያ ፍል ውኃ ሌላ ምን ኖሯል?» አለችና ስንት ዘመን ያስቸገራትን ጉልበቷን ወደ አጥሩ አስጠጋች። መልስ አልነበረኝም። የነጠላዋ ጥለት ላይ እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ እሷ በለሆሳስ የምትደግመውን ትደግማለች። ከአጠገባችን የቆሙ ጎብኚዎች ፎቶ ማንሳታቸውን ትተው እሷን ማየት ጀመሩ።

ያለነው ሃዋይ ነው፤ ከደሴቶቹ ሁሉ በሚበልጠው ደሴት፣ ኪላዌያ በተባለው እሳተ ገሞራ አናት ላይ። ቦታው ከ1916 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ አገር ስኖር የጠፋብኝ አንዱ ነገር የራሴ ዘመን አቆጣጠር ነው።) እናቴ ልትጠይቀን ሲያትል መጥታ ነበርና ወደ ስድስት ሰዓት በርረን እሳት ላሳያት ይዣት መጣሁ። ኪላዌያ ከ2024 ታኅሣሥ ወዲህ እያረፈ የሚነሳ ተራራ ሆኗል። ሲነሳበት የቀለጠው አለት ከ300 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የሚወረወርበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ጭስ ብቻ። እኛ የደረስነው በጭሱ ተራ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ትኬቱ፣ ሆቴሉ፣ የኪራይ መኪናው፤ ይህ ሁሉ ለጭስ! ቆይቼ ግን ጉድጓዱን ሳየው ንዴቴ በረደ። ሃሌማኡማኡ ይሉታል፤ በሃዋይ ሰዎች እምነት የእሳተ ገሞራዋ አምላክ የፔሌ ቤት ነው። ጥቁር ነው፤ እዚህም እዚያም ድኝ ቢጫ ቀብቶታል። በ2018 ተራራው በሆዱ የያዘው ቅልጥ አለት ከሥር ሾልኮ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሰው ጎጆ ወጥቶ በሚኖርበት ሰፈር መሬት ሰንጥቆ ወጣ። ከ700 በላይ ቤቶች ተበሉ። ሆዱ ሲጎድል አናቱ ቁልቁል ሰመጠና ጉድጓዱ ወደ 500 ሜትር ጠለቀ። በዓመቱ ከግርጌው ውኃ ብቅ አለ፤ እያደር 50 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ሐይቅ ሆነ። በ2020 ታኅሣሥ እሳቱ ሲመለስ ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ሌሊት ተንኖ አለቀ። አሁን ውኃ በነበረበት ላይ ትኩስ አለት ተነጥፏል። አንድ ሰው ከዚህ አጥር አጠገብ አሥር ዓመት ቢቆም፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ስንት አገር ያይ ነበር።

«እኛም አገር አለ አይደል እንዲህ ያለ?» አለችኝ እናቴ።

አለ። ኤርታሌ አለ፤ አፋሮች የሚጨስ ተራራ ያሉት። እሷም አላየችው፣ እኔም አላየሁት። እኔ የአገሬን ጭስ ሳላይ ሌላ ጭስ ፍለጋ ፓስፊክን ተሻግሬያለሁ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ከፊቴ ላይ ግን ያነበበችው ይመስለኛል፣ «ይሁን፣ ይሄም የእግዜር ነው» አለች።

ከተራራው አናት ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላይ ጉምና ብርድ ነበር፤ ቁልቁል ስንነዳ ጋቢው ወለቀ፣ ከዚያ ሹራቡ፣ ከዚያ መስኮቱ ተከፈተ። ግራና ቀኙ ከ1969 እስከ 1974 የፈሰሰ አለት ነው። አንዱ ዓይነት ለስላሳ ነው፤ ሲፈስ ቆዳው ቀድሞ ስለሚረጋ እጥፍጥፍ ብሎ ይቀራል፣ ከአልጋ ግርጌ እንደወደቀ ጋቢ። ሌላው ደግሞ ጓሉ ያልተከሰከሰ እርሻ ነው፤ ያለ ጫማ የረገጠው ወዮለት። በስንጥቁ መሐል ኦሂአ የሚሏት ዛፍ በቅላለች። አለቱ እንደበረደ ቀድመው ከሚደርሱት አንዷ እሷ ናት፤ አፈር አትጠብቅም። አንዷ ከክንዴ አትረዝምም፤ ቀይ አበባዋን ግን አውጥታለች።

እናቴ አንድ ጠጠር አነሳች። «ለበረከት» አለች። መውሰድ ክልክል መሆኑን ነገርኳት። ከዚህ ድንጋይ ይዘው የሄዱ ሰዎች መከራ በዛብን፣ ፔሌ ተቆጣችን እያሉ በፖስታ እንደሚመልሱም ጨመርኩላት። ጠጠሩን ካነሳችበት ቦታ፣ በዚያው ጎኑ አስተካክላ አስቀመጠችው።

ከባሕሩ ሳንደርስ ፑኡሎአ የሚባል ቦታ አለ። መኪና አቁሞ በአለቱ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ነው። ጥላ የለም። ጉልበቷን ብዬ «ይቅርብን?» ስላት ቀድማኝ ወረደች። ከዳር ስንደርስ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቷል፤ ከሥሩ ያለው አለት በሙሉ ተፈልፍሏል። ከ23 ሺህ በላይ ቅርጾች ተቆጥረዋል። ሰው የሚመስሉ አሉ፣ ክቦች አሉ፤ የሚበዛው ግን ተራ ጉድጓድ ነው፤ የሲኒ ያህል የምትሆን።

እያንዳንዷ የአንድ ልጅ እትብት ማኖሪያ ናት። ልጅ ሲወለድ ወላጆቹ እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። አለቱን ይፈለፍላሉ፣ እትብቱን ያኖሩና ድንጋይ ይከድኑበታል፤ ለልጁ ረጅም ዕድሜ።

ይህን ስነግራት እናቴ ዝም አለች። ከዚያ በመተላለፊያው ላይ ጎንበስ ብላ ከአንዷ ወደ አንዷ ማየት ጀመረች፤ የምታውቀውን ልጅ የምትፈልግ ትመስላለች።

እትብቴ የተቀበረበት እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ያን ስንል የምናስበው አፈር ነው፤ ጓሮ፣ ጌሾ፣ ዝናብ ያራሰው ጥቁር አፈር። ሰው ይሄዳል፣ አፈሩ ይጠብቃል። እኔም ሃያ ዓመት በስደት ስኖር የተማመንኩት በዚህ ነው። እዚህ ግን አፈር የለም። ቆፍሮ መቅበር አይቻልም፤ መጀመሪያ አለቱን መፈልፈል ነው። አለቱም ከእሳት የወጣው ከጥቂት መቶ ዓመታት ወዲህ ነው፤ ከግራውም ከቀኙም እሱን የመሰለ አለት ሌላ መንደር ሲያለብስ ሰዎቹ እያዩ ኖረዋል። ነገ በላዩ እንደሚፈስ እያወቁ ነው መሮ የጨበጡት። ሞኝነት ነው ልል አሰብኩና የቅርጾቹ ብዛት አስቆመኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ደሴቶች ያረፉበት የምድር ቅርፊት ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል፤ በዓመት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር። እሳቱ ከሥር እንዳለ ነው፤ በላዩ የሚያልፈውን ቅርፊት እየሸነቆረ ደሴት ይሠራል፣ ደሴቱ ይሄዳል፣ ሌላ ይሠራል። ቀድመው የተሠሩት በስተሰሜን ምዕራብ ተሰልፈዋል፤ ገና ያልተወለደው ደግሞ ከደሴቱ ደቡብ፣ ከባሕር ጠለል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እያደገ ነው። እንግዲህ የዛሬ 500 ዓመት እዚህ የተቀበረ እትብት ቢያንስ 35 ሜትር ተጉዟል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው መሬቱ ቆሞ እኔ እንደሄድኩ ነበር።

«እማዬ፣ የእኔ የት ነው?» አልኳት።

«የአንተን እንጃ። ሐኪም ቤት ስለተወለድክ እነሱ ናቸው የጣሉት።» በሳቅ ነው ያለችው። «የወንድምህ ግን ከጌሾው ሥር ነው። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»

የጌሾውን ቦታ አውቀዋለሁ። መንገድ ወጥቶበታል። ባለፈው ስሄድ በላዩ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ ይጣራ ነበር፤ አስፋልቱ ጥቁር፣ ገና አዲስ። እሷም ያን እያሰበች መሆን አለበት፣ ዓይኗን ከአለቱ አላነሳችም።

«የልጅህንስ ምን አደረጋችሁት?»

የልጄ እትብት ደርቆ የወደቀ ቀን ባለቤቴ በነጭ ፖስታ አድርጋ ከክትባት ካርዱ ጋር አኑራዋለች። ሲያትል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኪራይ ቤት ነው የምንኖረው። ጓሮ የለንም። አንድ ቀን አገር ስንገባ ይዘነው እንሄዳለን ተባብለን ነበር፤ ልጁ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ቤት ቀይረናል።

ወደ መኪናው ስንመለስ ስልኩ መረብ ያዘ። እናቴ ከኋላዬ በቀስታ ትመጣለች፤ የበቀለውን ሁሉ እያለፈች፣ ምንም ሳታነሳ። ለባለቤቴ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል፤ ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ያ ፖስታ የት ነው ያለው?» አልኳት።

«የቱ ፖስታ?» አለችኝ።