መራጩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ

ሾላ ገበያ ቅቤ የምትገዛ ሴት አስቀድማ ታሸታለች፤ በጣቶቿ ፈትጋ ባዕድ ነገር ይኑርበት አይኑርበት ትለያለች። ያም ሆኖ እግሯ የሚወስዳት ለዓመታት ወደምታውቃት ደንበኛዋ ነው። መመርመርና ማመን እዚያ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ በመገናኛ ዙሪያ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ወጣት ፕሮግራመር ግን ለድረ ገጹ ፍሬምወርክ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል፦ ማመኑን።

ፍሮንት ኤንድ የሚባለው ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየውና በጣቱ የሚነካው የድረ ገጽ ክፍል ነው፤ ፍሬምወርክ ደግሞ ያንን ክፍል ለመሥራት አስቀድሞ የተዘጋጀ ማዋቀሪያ። ጎግል አንጉላርን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ፌስቡክ ሪአክትን በ2013 ለሕዝብ ለቀቁ። ቀድሞ ጎግል ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤቫን ዩ በ2014 ቪዩን፣ ሪች ሃሪስ በ2016 ስቬልትን አመጡ። እያንዳንዱ የራሱ ተከታይ አለው፤ እያንዳንዱ ተከታይም ትክክለኛው መንገድ የእኔ ነው ይላል።

ይህን ዓይነቱን ክርክር ኢትዮጵያ በሌላ መልኩ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1667 ተጻፈ የሚባለው የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ የተነሣው ከዚሁ ጭንቀት ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ ሲወዛገቡ፣ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ የኖረው ሊቅ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ካለ ፈራጁ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ፈራጁን ያገኘው እግዚአብሔር ለሰው በሰጠው ልቡና ውስጥ ነው፤ ሰው ግን መመርመር ስለሚያደክመው ከአባቶቹ የሰማውን ቶሎ ያምናል ብሎ አዘነ። ደራሲው ማን እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ ሥራው የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲል፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ለኢትዮጵያዊው ደራሲ ተሟግተዋል። የጻፈው ማንም ይሁን፣ ጥያቄው በሁለት እግሩ ይቆማል።

ብዙኃኑን መከተል ግን ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። አንድ ሰው ያሉትን ፍሬምወርኮች ሁሉ ተምሮ፣ በሁሉም ሠርቶ፣ ከዚያ ልምረጥ ቢል ዕድሜው አይበቃውም። ሪአክትን የሚያውቅ ሰው ሥራ ያገኛል፤ ሲቸገርም የሚጠይቀው አያጣም። ሥራውን ትቶ ቢሄድ የሚተካው ባለሙያ ይገኛል፣ ይህም ለአሠሪው ትልቅ ነገር ነው። በሌሎች ምስክርነት ማመን ራሱ የዕውቀት መንገድ ነው፤ የሐኪምን ቃል የምንቀበለው በዚሁ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ምስክሩ ስለምን እንደመሰከረ ሳይለይ ሲቀር ነው። የሪአክት ተከታዮች ብዛት ሠራተኛና ረዳት እንደሚገኝ ይመሰክራል። ሾላ ቆሞ የበርበሬ ዋጋ በስልኩ ለሚያይ ሰው እንደሚስማማው ግን ምንም አይናገርም።

የጉዳዩ ሥነ ምግባር ያለው እዚህ ላይ ነው። መራጩ ፕሮግራመሩ ነው፤ ከፋዩ ሌላ። ለአንድ ቅመም ነጋዴ የዋጋ ዝርዝርና ማዘዣ ያለው ገጽ ይሠራ እንበል። ሪአክት ድረ ገጽ ላይ ከሚያሳየው አጋዡ ጋር ታምቆም ቢሆን ከ40 ኪሎባይት በላይ ነው። እርሱን የሚመስለው ፕሪአክት 3 ወይም 4 ኪሎባይት ገደማ ይመዝናል። እውነቱን ለመናገር፣ ገጹን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ ፍሬምወርኩ ብቻውን ሳይሆን በላዩ የሚቆለለው ተጨማሪ ኮድና ያልታመቀ ፎቶ ነው። ቢሆንም ቁልሉ ሁሉ የሚወርደው ከነጋዴው የምታዝዘው ሴት በገዛችው የዳታ ጥቅል ነው። የወረደውን ኮድ አንብቦ የሚያስኬደውም የእርሷ ስልክ ነው፤ ርካሽና ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል። ፕሮግራመሩ በአዲስ ላፕቶፕና በፈጣን ዋይፋይ ስለሚሞክረው ይህን ድካም አያየውም። በሌላው ኪስ መምረጥ፣ ሰውየው ባያስበውም፣ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ከፋይ ገና ያልመጣው ሰው ነው። ጎግል በ2016 ያወጣው አንጉላር 2 ከፊተኛው ጋር ስላልተጣጣመ፣ በመጀመሪያው የሠሩ ብዙ ሰዎች ገጻቸውን እንደ አዲስ ለመጻፍ ተገደዱ፤ የድሮው ድጋፍም በ2021 ማብቂያ ቆመ። በ2017 ደግሞ በሪአክት ፈቃድ ውስጥ የነበረው የፓተንት አንቀጽ ጭቅጭቅ አስነሣ። የአፓቼ ፋውንዴሽን በዚያ ፈቃድ የወጣ ኮድ በፕሮጀክቶቹ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ፤ የድረ ገጽ ማሠሪያው ዎርድፕረስም ሪአክትን ሊተው መሆኑን አስታወቀ፤ ፌስቡክ በዚያው ዓመት መስከረም ፈቃዱን ቀየረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው መራጭ ብዙ ጊዜ ሥራ ቀይሯል። ነጋዴው ግን እዚያው ነው፤ ማሠሪያውን ሁለተኛ ጊዜ የሚከፍለውም እርሱ ነው።

መመርመር ምን እንደሚመስል ለማየት የቀን ጉዳይ ይበቃል። ዝግጁ የሆኑ አብዛኞቹ የቀን መምረጫዎች የሚያውቁት 12 ወር ነው፤ ጳጉሜን የለችም። አንዳንዱ ፕሮግራመር ይህን ለመሙላት ሌላ ትልቅ ጥቅል ይጨምራል። ጃቫስክሪፕት ግን በአሳሹ ውስጥ በተሠራለት አቅም ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የወሩንም ስም በአማርኛ ያሳያል፤ ለዚህ የትኛውም ፍሬምወርክ አያስፈልግም። ሰዓቱን ከጠዋት ጀምሮ መቁጠር ግን የፕሮግራመሩ ድርሻ ሆኖ ይቀራል። ትዕዛዙ በ3 ሰዓት ይደርሳል የሚለው ገጽ ለሾላ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል።

የዘርአ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር ወልደ ሕይወት ከመምህሩ ይልቅ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳርና ስለ አብሮ መኖር አብዝቶ ጻፈ። የድረ ገጽ ሠሪም ሁለቱንም፣ የመምህሩን ምርመራና የደቀ መዝሙሩን የዕለት ኑሮ ትኩረት፣ ይፈልጋል። ለቅመም ነጋዴው የዋጋ ዝርዝር ከሰርቨር ተዘጋጅቶ የሚመጣ ተራ ኤችቲኤምኤል በቂ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራበት፣ በየደቂቃው የሚለዋወጥ የመጋዘን ሥርዓት ከሆነ ግን ሪአክት ወይም ቪዩ ድካሙን ይክሳል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፕሮግራመሩ ትንሽ ናሙና ሠርቶ፣ ላፕቶፑን ቢሮ ትቶ፣ በነጋዴው በራሱ ስልክና በሞባይል ኔትወርክ ቢከፍተው ይሻላል፤ ይህን ማድረግ ያለበትም ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።